በር ያለው መቃብር

ስልኩ የተደወለው የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። የካቲት ነበር። እዚህ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ላይ የየካቲት ዝናብ ከላይ አይዘንብም፣ በጎን ነው የሚመጣው። ታናሽ ወንድሜ ነው የደወለው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለ።

ከአገር ቤት እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ ምን እንደሚያደርግ ውጭ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ጉልበቴ ከዳኝ።

«እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ደህና ናት። የአባባ መቃብር ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የተቀበረበት ደብር ግቢው ሞልቷል። ሊሠሩበት ያሰቡት ሕንጻም አለ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የቆዩ መቃብሮች ይነሣሉ። ቤተሰብ ያለው በተሰጠው ቀን ውስጥ መጥቶ ዐፅም ያንሣ፣ ያልመጣውን ደብሩ ራሱ ሰብስቦ አንድ ቦታ ያሳርፋል። ፉካ የሚፈልግም ቢሮ ገብቶ ይጠይቅ። በቃ፣ ይሄው ነው። ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት።

እኔ ጮህኩ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ በአማርኛ፣ ሰው እያየኝ። «ሰው ሞቶ እንኳ አያርፍም? መቃብር እንደ ኪራይ ቤት ልቀቁ ይባላል? አንተስ ዝም ብለህ ታያለህ?» ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ወንድሜ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ «እሺ እትዬ» ብሎ ዘጋው።

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። አባባ ሲሞት እኔ ወረቀቴ አልተሳካልኝም ነበር። ከዩናይትድ ኪንግደም ብወጣ መመለሻ የለኝም። መርዶውን በስልክ ሰማሁ። የግላስጎው አበሾች ቡና ይዘው፣ ዳቦ ይዘው መጥተው ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። አፈር ያለበሰው ወንድሜ ነው። አርባውን ያወጣው፣ ሙት ዓመቱን ያሰበው፣ በየዓመቱ ሳሩን ያጨደው እሱ ነው። አሁን እኔ ስለ መቃብር ክብር አስተምረዋለሁ።

የጮህኩበት ምክንያት ግን ነበረኝ። መቃብሩ ላይ ያለው እብነ በረድ የእኔ ነበር። ወረቀቴ ከመጣ በኋላ የመጀመሪያ ደመወዜን የላኩት ለእሱ ነው። አባባ በክራባት የተነሣው ፎቶ አለበት፣ ስሙ አለበት፣ ከግርጌው ደግሞ የሁላችንም የልጆቹ ስም ተቀርጿል። ታላቅ ስለሆንኩ የእኔ ስም ይቀድማል። ያንን ድንጋይ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ በፎቶ ብቻ ነው። ለቅሶዬ ማለት እሱ ነበር።

መጋቢት ላይ ከወንድሜ አጭር መልእክት ደረሰኝ። «ጨርሰናል። ፉካ ገባ።» መልስ አልሰጠሁም። ከዚያ በኋላ ስለ እማዬ ስኳር፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ብዙ አወራን። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሣንም።

ስድስት ሰዓት መንዳት ለድንጋይ

ነሐሴ ላይ አንድ ሳምንት እረፍት አገኘሁ። መኪና ያላት ጓደኛዬ «ሰሜን ጫፍ ድረስ እንንዳ» አለችኝ። ሰሜን ምን አለ ብዬ ስጠይቃት ካርታዋን አውጥታ ባሕር፣ ቤተ መንግሥት፣ ባሕር፣ መቃብር እያለች ቆጠረችልኝ። መቃብር ለማየት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ? እኛ እኮ ለቅሶ ነው የምንደርሰው። መቃብር ልጎበኝ ብሎ ስንቅ ቋጥሮ የሚነሣ ሰው ዘመዶቼ ቢያዩ ጸበል ይወስዱት ነበር።

ከኢንቨርነስ ከተማ በኋላ መንገዱ ባሕሩን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል። ላይብስተር የምትባል ትንሽ ከተማ ጋ ወደ ውስጥ ታጠፍን። ከዚያ 8 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፍ መንገድ አለች። ዛፍ የሚባል የለም። ዙሪያው ሁሉ ረግረግ ነው። ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ደግሞ ቡናማ። ከሩቅ የነፋስ ተርባይኖች ይዞራሉ። ይሄ አካባቢ ኬይትነስ ይባላል። ረግረጉ ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መሬቱ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ከመንገድ አንድ እግር ከወጣህ ጫማህን ትተህ ነው የምትመለሰው።

ካምስተር ደረስን። ከመንገዱ ዳር የእንጨት መራመጃ ተነጥፏል፣ መጨረሻው ላይ ሁለት የግራጫ ድንጋይ ክምሮች አሉ። የአገሩ ሰው ኬርን ይላቸዋል። እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ሳያቸው ለመንገድ ሥራ የተደፋ ጠጠር መሰለኝ። አንዱ ክብ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር 18 ሜትር ይሆናል። ሌላው እንደ ተኛ እንስሳ ረጅም ነው፣ 70 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ስሚንቶ የለም፣ ጭቃ የለም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ።

ምልክቱን አነበብኩ። ከ5000 ዓመት በላይ። የአክሱም ሐውልት 1700 ዓመት ገደማ ነው ብለን አፋችንን ሞልተን እንናገር የለ? ይሄ የሦስት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ብረት የለም፣ ነሐስ የለም፤ እርሻ ገና የጀመሩ ሰዎች በእጃቸው ተሸክመው የከመሩት ነው። በሕግ የተጠበቀ ጥንታዊ ሐውልት ነው፣ የሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂስቶሪክ ኢንቫይሮመንት ስኮትላንድ ነው ይላል። መግቢያዎቹ ላይ በግ እንዳይገባ ትንንሽ የብረት በሮች አሉ። መግባት ነፃ ነው፣ በሩን ስትወጡ ዝጉ።

እዚያ ቆሜ ንዴቴ እንደገና ተነሣ። ስሙን የሚያውቀው ለሌለ፣ አንድ የሚያለቅስለት ሰው ለሌለ ሙት መራመጃ ተሠርቶለታል፣ በር ተገጥሞለታል፣ ሕግ ወጥቶለታል። የእኔ አባት ግን ስሙ ተጽፎ፣ ፎቶው ተለጥፎ፣ ሚስቱ በሕይወት እያለች ልቀቅ ተባለ። በተቀበረ በአሥራ አራት ዓመቱ! ጓደኛዬ ፎቶ እያነሣች ነበር። ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ?» አለች። «ንፋሱ ነው» አልኳት።

ሕጉን ያመጣው ባንከር

ስለ ሕጉ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያነበብኩት፣ ግን እዚህ ላይ ይግባ። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ነገር ሲጠብቁ የኖሩ ይመስለን ይሆናል። ውሸት ነው። ለብዙ ዘመን ገበሬው ለእርሻው አጥር ድንጋይ ሲፈልግ የሚሄደው ወደነዚህ ክምሮች ነበር። ተለቅሞ ተከምሮ የተዘጋጀ ድንጋይ እያለ ማን ይፈልጣል? የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለው ተረት እዚያም ሳይኖር አይቀርም።

ነገሩን የቀየረው ጆን ላቦክ የሚባል ባንከርና የፓርላማ አባል ነው። «ኒዮሊቲክ» የሚለውን ቃል፣ የአዲሱ የድንጋይ ዘመን ማለት ነው፣ በ1865 እ.ኤ.አ. ያወጣው እሱ ነው። የሚገርመው፣ ካምስተርን ጆሴፍ አንደርሰንና ሮበርት ሺረር ከፍተው የቆፈሩት በዚያው ዓመት ነው። ላቦክ ሐውልት የሚጠብቅ ሕግ ለማስወጣት በ1873 ጀመረ። የመሬት ባለቤቶቹ አበዱ። ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ባለ ድንጋይ መንግሥት ምን አገባው አሉ። ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበት በ1882 ጸደቀ። እሱም ጥርስ አልባ ሕግ ነበር፣ ባለመሬቱ ካልፈቀደ ማንም አያስገድደውም። ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ቦታዎች ከ60 ትንሽ ቢበልጡ ነው።

የዛሬው ሕግ የ1979 ነው፣ እሱ ጥርስ አለው። ስኮትላንድ ውስጥ ብቻ 8000 ገደማ ቦታዎች በዚህ ይጠበቃሉ። የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖርህ መቆፈር አትችልም፣ ድንጋይ ማንሣት አትችልም። ይሄ ይገባኛል። የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መጨመርም አትችልም። መጠገንም አትችልም። የወደቀችውን ድንጋይ አንሥቼ ቦታዋ ልመልሳት ብትል እንኳ ፈቃድ አምጣ ትባላለህ። ነገሩ ሁሉ መዝገብ ላይ በገባበት ቀን እንደነበረ ይቆማል።

በአራት እግር

ክቡን ክምር ልግባ አልኩ። ጓደኛዬ «እኔ በቁሜ መቃብር አልገባም!» ብላ መራመጃው ላይ ቀረች። ልክ ነበረች፣ ምክንያቱም በቁም አይገባም። መግቢያው ከወገብ በታች ነው። በእጄና በጉልበቴ ተንበርክኬ ገባሁ። 6 ሜትር ያህል እንደዚያ ነው የሚኬደው። ሱሪዬ ወዲያው ራሰ። ቦርሳዬ ጣሪያውን እየፋቀ መጣ። ትከሻዬ ግራና ቀኙን ይነካል። መሃል ላይ ስደርስ ወደ ኋላ መዞር እንደማልችል ገባኝና ትንፋሼ አጠረ። «በስመ አብ» አልኩ፣ ድምፄ ወደ ራሴ ተመለሰ።

ከዚያ በድንገት ሰፋ። ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ራሴን ሳልመታ ቆምኩ!

ጣሪያውን ሳይ እንደ መሶብ ክዳን ነው። ድንጋዮቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ዙር ከታች ካለው በትንሹ ወደ ውስጥ ይወጣል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ላይ ሲደርስ ይጠባል። በእኛ ዘመን ሰው ብርሃን እንዲያይ አናቱ ላይ መስኮት ተደርጎለታል፣ ወተት የመሰለ ብርሃን ይወርዳል። ግድግዳው ላይ ቁመታቸው የሚያክለኝ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። እንደ በር መቃን ናቸው፣ ቤቱን ሳሎንና ጓዳ አድርገው ይከፍሉታል። አዎ፣ ቤት ነው። ያለ ጥርጥር ቤት ነው። አንዷን ድንጋይ በመዳፌ ነካኋት። ቀዝቃዛና ለስላሳ ናት፣ ጠርዟ ላይ አረንጓዴ ሽበት የመሰለ ነገር በቅሎባታል። እንዲህ ተጠግቼ ሳያት በሁለት ድንጋይ መሃል የተሰካች ትንሽ ጠጠር አየሁ። ከጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ድንጋዩ እንዳይነቃነቅ የሆነ ሰው ፈልጎ፣ ለክቶ የሸጎጣት ናት። ከ5000 ዓመት በፊት የሆነ ሰው «ይቺ ትበቃለች» ብሏል።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ልማድ ነው። ማንም የለም እኮ። በ1865 ሲከፈት ወለሉ ላይ የተቃጠለ አጥንት፣ የሸክላ ስብርባሪና የባልጩት መሣሪያ ነበር፤ እሱም ወጥቷል። ባዶ ቤት ውስጥ ነው ነፍስ ይማር ያልኩት።

እዚያ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጓደኛዬ ከውጭ «አለሽ ወይ?» ስትል ነው የነቃሁት።

ሽማግሌው

ጉልበቴን እያራገፍኩ ስወጣ መራመጃው ላይ አንድ ሽማግሌ ውሻ ይዘው ቆመዋል። የአካባቢው ሰው ናቸው። ጭቃዬን አይተው ሳቁ። «ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ከደጅ ፎቶ አንሥቶ ነው የሚሄደው» አሉ። እኔም ጨዋታ ለመቀጠል ያህል፣ ሙታኖቹ እንዲህ በሰላም ማረፋቸው ደስ ይላል አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ አልነበረም፣ ቀንቼ ነው።

ሰውዬው ውሻቸውን እያከኩ ወደ መግቢያው አመለከቱ።

«በሩን አየሽው?» አሉ። «አንዴ ቀብረው የሚሄዱ ቢሆን ኖሮ ኮሪደር ምን ያደርግላቸዋል? ይገቡ ይወጡ ነበር እኮ። አዲስ ሰው ሲሞት የድሮውን አጥንት ገፋ ያደርጉታል። አንዳንዱን ይሰበስቡታል፣ አንዳንዱን ይዘው ይወጣሉ።»

«ያነሡ ነበር?»

«ዘመዶቻቸው አይደሉም እንዴ!» አሉ፣ ጥያቄዬ ገርሟቸው። ከዚያ ውሻው ጎተታቸውና ሄዱ።

እዚያው መራመጃው ላይ ተቀመጥኩ። እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ሱሪዬም እርጥብ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። የሰውዬው ቃል አይደለም ያስቀመጠኝ፣ ጉልበቴ ነው። አሁን የወጣሁበትን መንገድ በጉልበቴ አውቀዋለሁ። 6 ሜትር፣ በአራት እግር፣ በጨለማ። የሆነ ሰው ያንን መንገድ አዲስ ሬሳ እየጎተተ ገብቷል። ከገባ በኋላ የአያቱን አጥንት በእጁ ነክቷል። አሁን እኔ እንዳደረግኩት ቀና ብሎ ቆሟል። ከዚያ ወጥቶ እጁን ታጥቧል፣ ምሳ በልቷል።

እኔ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያሰብኩት። አጥንት ተነካ። አባባ ተነካ። የነካው ማን እንደሆነ አላሰብኩም።

አምስት ትውልድ በአንድ ቤት

ቤት ከገባሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁና ማንበብ ጀመርኩ። የሌሊት ሠራተኛ ስለሆንኩ እረፍት ላይም ሌሊት አልተኛም። ሽማግሌው ያሉት ልክ ነው።

ኦርክኒ ደሴቶች ላይ ኢስቢስተር የሚባል እንዲህ ያለ መቃብር አለ፣ በ1958 አንድ ገበሬ ነው ያገኘው። ውስጡ የብዙ ሰዎች አጥንት ተገኝቷል። አንድም ሙሉ ሆኖ የተጋደመ አፅም ያለ አይመስልም፤ ራስ ቅሉ ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ እየተለየ ተቀምጧል። ደቡብ እንግሊዝ ዌስት ኬኔት ላይ ደግሞ ራስ ቅሎችና ረጃጅም አጥንቶች ይጎድላሉ። ተወስደዋል ማለት ነው። ወዴት? ለምን? ለበዓል ይሆን? ለአዲስ ቤት ምርቃት? እኔ ግን አንዲት ሴት አገር ስትቀይር የእናቷን አጥንት በቆዳ ጠቅልላ ስትሄድ ታየችኝ። ማስረጃ የለኝም። ሌሊት ነው፣ ሰው ሌሊት እንዲህ ያስባል።

ከሁሉ የያዘኝ ሄዝልተን የሚባለው ነው፣ ግሎስተርሸር ውስጥ። እርሻ እያረሰው ስለጠፋ ሙሉ በሙሉ ተቆፍሮ ወጣ። ከዚያ የ35 ሰዎች ዲኤንኤ ተመረመረ፣ ውጤቱ በ2021 መጨረሻ ታተመ። ከ35ቱ 27ቱ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ናቸው። አምስት ትውልድ። አብዛኞቹ የሚወርዱት ከአንድ ወንድና እሱ ከወለደላቸው አራት ሴቶች ነው። መቃብሩ ሁለት ክፍል አለው፣ ማን የት ክፍል ይግባ የሚለውን የሚወስነው ከየትኛዋ እናት እንደወረደ ነው። 5700 ዓመት ገደማ ያለፈው ነገር እኮ ነው! ደግሞ የእንጀራ ልጆች አሉ። የሰውዬው ደም የሌላቸው፣ ከእናታቸው ጋር የመጡ ወንዶች ልጆች እዚያው አብረው ተቀብረዋል። «ያንተ አይደለም» ብሎ ከደጅ የመለሳቸው የለም።

አምስት ትውልድ ቁጠሩ እስቲ። እኔ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ድረስ በስም እሄዳለሁ፤ ከዚያ በላይ እማዬን ካልጠየቅኩ አልችልም። ባለ ሰባት ቤት ቆጣሪው ወገን የት እንደተቀበረ ቦታውን የሚያሳይ ስንቱ ነው? ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ጋር ጥያ ሄጃለሁ። 36 ድንጋይ መሆኑን ቆጥረን፣ ሰይፉን በጣታችን ተከትለን፣ ብስኩት በልተን ተመለስን። ከሥራቸው ሰው መቀበሩን የነገረን አስተማሪ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ካምስተር ራሱ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ያ 70 ሜትር ሊሞላ የደረሰው ረጅም ክምር መጀመሪያ ሁለት ለየብቻ የቆሙ ክብ መቃብሮች ነበሩ። በኋላ የመጡ ሰዎች ሁለቱንም በአንድ ክምር አለበሷቸው። የአባቶቻቸውን ቤት አፍርሰው አይደለም፣ ቀጥለውበት ነው። ዛሬ ያንን ቢያደርጉ ፈቃድ አላቸው ወይ ተብለው ፍርድ ቤት ይቀርቡ ነበር።

አንድ ቀን ግን ቆመ። ክቡ ክምር ሲከፈት ያ እኔ በጉልበቴ የሄድኩበት ኮሪደር በድንጋይ ታጭቆ ነው የተገኘው። ሆን ተብሎ ነው የተሞላው። የመጨረሻው ሰው ወጣና ዘጋው። የሚመጣ ልጅ ስለሌለ ይሆን? ተጣልተው ይሆን? ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካቸውም። እኔ ሰላም ብዬ የቀናሁበት ነገር፣ እኮ፣ ዘመድ ያለቀበት ቀን ነው። ሕጉና መራመጃው የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በጣም በጣም ከቆየ በኋላ ነው።

ይሄን ሁሉ ብዬ ደብሩን ነፃ ላውጣ? አላወጣም። እነዚያ ሰዎች አጥንት ያነሡት በራሳቸው ጊዜ ነው፣ በራቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አይደለም። ቤተሰቡ ክፍለ ሀገር ያለ፣ ዐረብ አገር ያለ፣ እንደ እኔ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያለ ሰው በዚያ ቀን ውስጥ ከየት ይደርሳል? ያልተደረሰላቸው አንድ ላይ ተሰብስበው ገብተዋል። ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ግን ንዴቴ ቦታ ተሳስቶ እንደነበር ማመን ነበረብኝ። ወንድሜ ላይ ነው የጮህኩት። ከዚያ በላይ ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩትም።

ማን አወጣው?

እሑድ ጠዋት ደወልኩለት። ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመልሰው ቡና ላይ ነበሩ፣ የስኒ ድምፅ ይሰማኛል።

«ያን ቀን ማን አወጣው?» አልኩት። የትኛው ቀን አላለኝም።

«እኔ» አለ። «የሚቆፍሩ ልጆች ነበሩ። ሲደርሱ ግን እናንተ ቁሙ አልኳቸውና ወረድኩ።»

«እጅህ?»

«በእጄ።» ትንሽ ዝም አለ። «ቀላል ነው እትዬ። አባባ እንዲያ ቀላል መሆኑን ስታዪ…» አልጨረሰውም።

እማዬ ቅሪ ብትባል እምቢ አለች። አቡጀዲውን ከመርካቶ ራሷ ገዝታ፣ አጥባ፣ አድርቃ ነው የመጣችው። ቄሱ ፍትሐት እያደረሱ ወንድሜ አንድ በአንድ እያቀበላት እሷ አቡጀዲው ላይ ትደረድራለች። ራስ ቅሉ ሲወጣ የወርቅ ጥርሱ ብልጭ አለ። የአባባን የወርቅ ጥርስ ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገና ሳይወልዱ፣ የማድ ቤት ጣሪያ መሥሪያ ብለው ያጠራቀሙትን ብር ወስዶ ጥርስ አስተክሎ መጣ። ስታነሣው ነው የኖረችው።

«ምን አለች?»

«‹ይኸው! የቆርቆሮዬ ብር!› አለች። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ዞር ብለው ሳቁ። የሚቆፍሩት ልጆች ሳቁ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ እኔም ሳቅኩ።»

ሳጥኑን ማንም እንዲይዝባት አልፈቀደችም። ከቤተ ልሔሙ ጀርባ እስካለው ፉካ ድረስ በደረቷ አቅፋ ወሰደችው። ሳጥኑ ትንሽ ነው አለኝ፣ የጫማ ካርቶን ሁለቱን የሚያክል።

«እብነ በረዱስ?» አልኩ። ይሄን ለመጠየቅ ነው መሰለኝ ስድስት ወር የፈራሁት።

«አስቆረጥኩት። የፉካው አፍ ጠባብ ነው። ፎቶውና ስሙ ያለበት ልክ ገባ፣ እሱን ገጥመንለታል። ከታች የእኛ ስም ያለበት ተረፈ።»

«ጣላችሁት?»

«እማዬ ትጥል መሰለሽ? በታክሲ ጭና ቤት አመጣችው። የከሰል ምድጃዋን ታስቀምጥበታለች። አሁን እዚህ ፊቴ ነው ያለው፣ ጀበናው ላዩ ላይ ነው።»

«ስሜ ወደ ላይ ነው?»

ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ተሰማኝ። አንድ ነገር በጨርቅ ጠረገ።

«ወደ ላይ ነው» አለ። «ጥላሸት ይዞታል እንጂ ይነበባል።»